ትንኟ ቢሮ አትለይም

«ወባ የጤና ቢሮ ጉዳይ ነው፤ ለእነሱ እንተውላቸው።»

ጤና ቢሮ ቧንቧ አይዘረጋም፣ ግድብ አይገድብም፣ በቆሎ አይዘራም። ወባ ግን በሦስቱም በር ትገባለች። ድሬዳዋን እዩ።

«ድሬዳዋ? ያውም ዝናብ ሳይጥል?»

አዎን፣ ዝናብ ሳይጥል። በ2019 ከተማዋ የመዘገበችው የወባ ሕመምተኛ 205 ነበር (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2022 የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ብቻ ከ2 ሺህ 400 አለፈ። ከዚህ ጋር የተያያዘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ ናት፤ በአገራችን በመጀመሪያ የተገኘችው በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ላይ ነው። ረግረግ አትፈልግም፣ ክረምት አትጠብቅም፤ ሰው ያጠራቀመው ንጹሕ ውሃ ይበቃታል። ድሬ ደግሞ ውሃ ታጠራቅማለች፤ ምን ታድርግ፣ ቧንቧው በየቀኑ አይመጣ! ቧንቧ ሲጠፋ በርሜል ይሞላል፤ በርሜል ሲሞላ ጤና ጣቢያ ይሞላል።

«እንግዲያው ሴትየዋ በርሜሏን ትድፋው!»

ደፍታ ልጆቿን ምን ታጠጣ? መጀመሪያ ውሃው መቼ እንደሚመጣ ንገሯት። እስከዚያው የሚገጥም ክዳን ስጧት። ደንጌ የሚባለውን ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝም የምትፈለፈለው በዚያው በርሜል ነው፤ በ2013 ደንጌ ከተማዋን ሲያምሳት ክዳኑ ሊታሰብ ይገባ ነበር።

«አጎበር ታደለ፣ ኬሚካል ተረጨ፤ ከዚህ በላይ ምን ይደረግ?»

ሁለቱም ይቀጥሉ፤ ብዙ ነፍስ አትርፈዋል። ስቴፈንሲ ግን ብዙዎቹን ኬሚካሎች ትቋቋማለች፣ በረት ውስጥም ታርፋለች። እናንተ ሳሎን ስትረጩ እሷ ከፍየሎቹ ጋር ናት።

«ልማት ይምጣ፣ ወባ ራሷ ትጠፋለች።»

የትኛው ልማት? የዛሬው የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ቴድሮስ አድኃኖም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1999 ያሳተሙትን ጥናት አንብቡ። በትግራይ ትንንሽ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት በወባ የሚያዙት ከግድቡ ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ነበር። ጎጃም ወዳለችው ቡሬም ሂዱ። በ1998 ወረርሽኝ ከመታት በኋላ ሲመረመር፣ በቆሎ በብዛት የሚዘራባቸው መንደሮች በቆሎ ከሚያንስባቸው ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ወባ ነበራቸው። ከበቆሎው ጫፍ የሚረግፈው የአበባ ብናኝ ኩሬ ውስጥ ሲወድቅ የትንኝ እጭ ይቀልባል። የጠገበ እጭ ደንዳና ትንኝ ይሆናል። የግብርናው ባለሙያ ምርቱን ቆጠረ፣ የጤናው ባለሙያ ሕመምተኛውን ቆጠረ፤ ሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን የዘረጋ ግን ዘግይቶ መጣ። ግድቡ ይገደብ፣ በቆሎውም ይዘራ፤ ዕቅዱ ሲወጣ ግን የወባ ባለሙያ አብሮ ይቀመጥ።

«ይህ ሁሉን ከሁሉ የሚያያይዘው፣ ሲስተም ዳይናሚክስ የምትሉት ዘዴ የፈረንጅ ሥዕል ነው።»

ሥዕል መሆኑስ እውነት ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ጄይ ፎረስተር በ1950ዎቹ ኤምአይቲ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለፋብሪካ አመራር ብሎ ጀመረው፤ ዛሬ ለሕዝብ ጤና ይሠራበታል። የሰፈሩ ሰው፣ ሐኪሙና የውሃ መሐንዲሱ አንድ ወረቀት ከበው፣ ምን ምንን እንደሚያባብስ በቀስት ያያይዛሉ። ቤተሰቡ ይታመማል፤ ገንዘቡ ለሕክምና ይወጣል፤ ክዳን ያለው ሮቶ መግዣ ያጣል፤ በርሜሉ ክፍቱን ያድራል፤ ትንኟ ትፈለፈላለች፤ ቤተሰቡ እንደገና ይታመማል። ይህን አዙሪት ያየ ሰው ሕመምተኛውን ብቻ አክሞ «ጨረስኩ» አይልም።

«የሰፈር ሰው ስለ ሳይንስ ምን ያውቃል?»

ውሃው በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የትኛው ግንባታ ጉድጓዱን ክፍት እንደተወ፣ የማን በርሜል ክዳን እንደሌለው ያውቃል። ያለ እሱ የተሳለው ሥዕል ጎዶሎ ነው።

«በጀት የሚመጣው ግን በየቢሮው ነው።»

እዚህ ላይ ነው የታመምነው! ቧንቧና ክዳን የወባ መከላከያ ናቸው፤ በጀታቸውም ከወባ በጀት ጋር አብሮ ይታቀድ። የከተማ ኃላፊዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው የወባ ስብሰባ የውሃውን፣ የግንባታውንና የግብርናውን ሰው ጥሩ፤ ከሁሉም በፊት ግን በርሜል የምትሞላዋን ሴት አስቀድማችሁ አናግሩ።