እኔ የማወራው ስለ ችግኝ ነው

መሥሪያ ቤታችን ቤቴል ነው፤ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ። ሁለት አሻራ ይጠበቅብናል። አንዱ ጠዋት ጠዋት ማሽኑ ላይ በአውራ ጣታችን የምናሳርፈው ነው፤ ከሁለት ተኩል አንድ ደቂቃ ካለፈ ከደመወዝ ይቆረጣል። ሌላው በክረምት የምናሳርፈው፣ አረንጓዴው ነው። ማሽኑ አንድም ቀን ረስቶን አያውቅም። አረንጓዴውን ግን መስከረም ከጠባ ወዲያ የሚያስታውሱት የበሩ ጥበቃ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም በጀሪካን።

ማንንም አልወቅስም። አገሩ ሁሉ የሚተክልበት ዘመን ነው። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ሲጀመር፣ ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ፤ ሠራተኛው ወጥቶ እንዲተክል የተዘጉ የመንግሥት ቢሮዎችም ነበሩ። በሐምሌ 2017 የአንድ ቀኑ ዕቅድ 700 ሚሊዮን ደረሰ። ቁጥር ሲያድግ አይቻለሁ፤ ቁጥር ውሃ አይፈልግም።

ዘንድሮ የእኛ አለቆች ነገሩን ከእጅ ወደ ልብ ለማዝለቅ ቆረጡ። የዘላቂነት ስትራቴጂ ተነድፎ በቦርድ ጸደቀ። የሥልጠናው በጀት ጸደቀ። የአዳራሹ ኪራይ ጸደቀ። የደመወዝ ማስተካከያው ለጊዜው ይቆይ ተባለ። በእኛ ቤት ሳይተከል የሚጸድቅ ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በየዓመቱ ይተከላል እንጂ አይጸድቅም። እኔ የማወራው ስለ ችግኝ ነው።

አሠልጣኙ ሸሚዙ የጸዳ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ወጣት ነው። «የድርጅቱን ግብ የግላችሁ ካላደረጋችሁት ወረቀት ሆኖ ይቀራል» አለና ወረቀት አደለን። በቅጠል ቅርጽ የተቆረጠ አረንጓዴ ወረቀት፣ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ። «ዘላቂነት ለእኔ ለራሴ ምንድን ነው?» ለሚለው መልስ ጽፈን ግድግዳው ጋ ከቆመው የካርቶን ዛፍ ላይ እንሰቅላለን። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። አንዱ «ፌስታል አልይዝም» አለ፤ የፌስታሉ ክልከላ በ2017 በምክር ቤት ጸድቋልና፣ ሲጠቀም የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንደሚቀጣ ሰምቶ ይሆናል። አንዷ ደግሞ «አካባቢ እንዳይበከል ከአየር ጤና በእግሬ እመጣለሁ» ብላ ጻፈች። የታክሲ ታሪፍ ከጨመረ ወዲህ በእግሯ እንደምትመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ምክንያቱን ያወቅነው ግን ያን ቀን ነው።

አጠገቤ የተቀመጡት የመዝገብ ቤቷ እትዬ ናቸው። ሃያ ምናምን ዓመት አገልግለዋል። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ፣ ብዙ አሰቡ፣ ከዚያ አራት ቃል ጻፉ፦ «እስከ 30 የሚዘልቅ ነገር።»

አሠልጣኙ ቅጠሉን ከፍ አድርጎ አነበበና ፊቱ በራ።

«እስከ 2030! እናቴ፣ የተባበሩት መንግሥታትን የዘላቂ ልማት ግቦች ያውቃሉ ማለት ነው! አሥራ ሰባቱንም?»

«ኧረ ልጄ፣ ለእኔ አንዱም በበቃኝ» አሉ እትዬ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ከሁሉም ጠንክረው ያጨበጨቡት ሒሳብ ክፍሎች ናቸው። በወር በ12ኛው ቀን የብድር ማመልከቻ መቀበል የሚጀምሩት እነሱ ናቸው።

ለነገሩ ተክልን ከሰው ጓዳ ጋር ማገናኘት አዲስ ጥበብ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ በተቸገረች ጊዜ፣ መነሻው አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ገባ፤ አፄ ምኒልክም ባሕር ዛፍ ለተተከለበት መሬት ግብር ማሩ። ማንንም ሰብስበው ቅጠል አላሰቀሉም። የተከለው ሰው ቆርጦ ጎጆውን ማገረ፣ ምጣዱን ጣደ፣ የተረፈውን ሸጠ። ዛፉ አፈር ያደርቃል እየተባለ ሲሰደብም እስከ ዛሬ አለ። ያኔ ግብር ተማረ፤ ዛሬ ግብ ተጫነ። ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ነው።

የተከላው ዕለት አጥሩ ሥር ተሰለፍን። ጉድጓዱን የቀን ሠራተኞች ቀድመው ቆፍረውታል። ለሥራ አስኪያጁ የተመረጠው ወይራ ነበር (ጎረቤታችን ወይራ ሰፈር ይባላል፤ ወይራውን የምታየው በታክሲ ረዳት አፍ ነው)። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አነሳና መልሶ አወረደው፤ ቅጠሉ አቧራ ነው። የኮሙኒኬሽኗ ልጅ ከቦርሳዋ ሶፍት አወጣች፣ ከሃይላንዷ ጠብ አደረገችበት፣ ቅጠል በቅጠል ወለወለችው፤ የሕፃን ፊት እንደሚጠረግ፣ በቀስታ። የተረፈውን ውሃ ራሷ ጠጣችው። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አሉ፣ ችግኙም ከነጥቁር ፕላስቲኩ ጉድጓድ ገባ።

ጥበቃው ጋሼ ዳር ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ፣

ሥሩ ውሃ ጠምቶት፣ ቅጠሉን ቢያጥቡት፣
እንዴት ብሎ ይጽደቅ፣ በእልልታ ቢያጅቡት።

አሉ። ሥራ አስኪያጁ ሰምተው ደስ አላቸው። «እውነትዎን ነው ጋሼ! ውሃ ይጠጣ እንጂ!» ብለው አንድ ጀሪካን ውሃ እንዲመጣለት እዚያው አዘዙ። ጋሼ ያልተከፈላቸው የሦስት ወር ትርፍ ሰዓት አለ። ይሄ ከግብርና ጋር አይገናኝም።

ማታ ላይ ቁራሌው መጣ። «ቆርቆሮ ያለው» ማለቱ ነው፤ በጥሪ ብዛት ቃሉ ራሱ ተጨማድዶ «ቁራሌው» ሆነ። የእኛን ሰፈር ባዶ ጠርሙስ፣ አሮጌ ጫማና የተሰበረ ባልዲ ለቅሞ መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ያደርሳል። ቆሻሻ መጣያው ቆሼም የዚሁ የክፍለ ከተማችን፣ የኮልፌ ቀራንዮ ነው፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው የቀበረበት። ከዚያ ክምር ላይ ብረትና ላስቲክ ለቅመው ልጅ ያሳደጉ ሰዎችን ዘላቂነት ለእናንተ ምንድን ነው ብሎ የጠየቃቸው ስለመኖሩ እንጃ። ቅጠልም አልታደላቸውም።

ከሥልጠናው የተረፈው ሃይላንድ ሁለት ማዳበሪያ ሞላ። ቀጥሎ ይጣል የተባለው የካርቶን ዛፍ ወጣ። ቁራሌው አጥፎ፣ በጉልበቱ ተጭኖ፣ ከነቅጠሉ መዘነው። ዘንድሮ ከተከልነው ሁሉ መጀመሪያ ፍሬ የሰጠው እሱ ነው። ጋሼ የእትዬን ቅጠል ነቅለው አስቀሩ፤ ቁራሌውም በዚያች ክብደት አልተከራከረም። ብሩን ሁለቴ ቆጥረው ደረት ኪሳቸው ከተቱ፣ ቢላ ይዘው ወደ ወይራው ሄዱ፣ አፈሩን ገለጥ ገለጥ አድርገው ጥቁሩን ላስቲክ ከሥሩ ይሰነጥቁት ጀመር።

«ይሄንንስ ትወስዳለህ?» አሉት ቀና ብለው።