ልምድ ያለው ሰው ይሾምልን

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የኋላ ቀርነታችን ማስረጃ አድርገው ሲያፍሩበት የኖሩ ምሁራን ከእንግዲህ አንገታቸውን ቀና ያድርጉ። አሜሪካም ደርሳበታለች። እንዲያውም እኛ በቃል ብቻ የያዝነውን ነገር ሚሺጋን የምትባለው ግዛት በአዋጅና በቃለ መሐላ አደራጅታ ሥራ ላይ አውላዋለች።

የሚሺጋን ሕዝብ በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሕመም የጠናበት ሰው በሐኪም ማረጋገጫ ማሪዋና ይጠቀም ብሎ 63 በመቶ በሆነ ድምፅ ወሰነ። ስምንት ዓመት ቆይቶ ምክር ቤቱ ለእርሻው፣ ለማቀነባበሪያውና ለመሸጫው ፈቃድ የሚሰጥ አምስት አባላት ያሉት ቦርድ እንዲቋቋም ሕግ አወጣ። ሦስቱን አገረ ገዥው ራሳቸው ይመርጡ ነበር፤ አንዱን የሴኔቱ የአብላጫ መሪ፣ አንዱን የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ካቀረቧቸው ስሞች መካከል ይሾሙ ነበር።

ማን ይሾም? የዋህ ሰው ብትጠይቁት የካንሰር ሕመምተኛ የሚያስታምም ሐኪም፣ ልጇ በሚጥል በሽታ የምትሠቃይ እናት፣ ሌሊቱን በሕመም የሚያነጋ ጡረተኛ እያለ ይቆጥርላችኋል። የዋህነቱ እዚህ ላይ ነው። ሕመምተኛ መድኃኒቱን ይፈልገዋላ! የሚፈልገው ሰው ደግሞ እንዴት አድርጎ ገለልተኛ ይሆናል? ይህ ግልጽ የጥቅም ግጭት ነው። ገንዘቡን የሚፈልገው ሰው ግን ሌላ ነው። የእሱ ፍላጎት «ልምድ» ይባላል።

አገረ ገዥ ሪክ ስናይደር ይህ ገብቷቸው ነበር። በግንቦት 2017 የቦርዱ ሰብሳቢ አድርገው ሪክ ጆንሰንን ሾሙ። ልምዱ የሚናቅ አልነበረም፤ ከ2001 እስከ 2004 የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በዋና ከተማዋ በላንሲንግ ሎቢስት፣ እኛ በአማርኛ ጉዳይ ገዳይ የምንለው። የቦርዱ ትልቁ ሥራ ጉዳይ ገዳዮችን ከበር መመለስ ነበር። ታዲያ በሩ ከየት በኩል እንደሚከፈት ከእነሱው ወገን የበለጠ ማን ያውቃል? እያንዳንዱን ማንኳኳት በድምፁ ለይቶ ያውቀዋል፤ ማን በሁለት ጣት፣ ማን በሙሉ እጅ እንደሚያንኳኳ።

ለእውነት ስንል፣ ከሌሎቹ አባላት መካከል አንዲት ፋርማሲስትና አንድ ጡረታ የወጣ የፖሊስ ሳጅን ነበሩ። ሽሙጥም ወሰን አለው፤ እነሱን እዚህ ውስጥ አልጨምርም። መቼስ ቦርድ ሲሠራ ጥቂት ንጹሕ ሰው መደባለቅም የሹመት ጥበብ ነው።

ፈቃድ ፈላጊው ማመልከቻ ሲያስገባ የማይመለስ 6,000 ዶላር ይከፍል ነበር። ይህ የመስኮቱ ዋጋ ነበር፤ ደረሰኝ ይቆረጥለት፣ ተራ ይጠብቅ፣ ተጨማሪ ሰነድ አምጣ ይባል፣ ያመጣ፣ እንደገና ይጠብቅ ነበር። ሌላ ዋጋም ነበር። አንድ ነጋዴ ለሰብሳቢው በጥሬ ገንዘብና በልዩ ልዩ ጥቅማ ጥቅም ቢያንስ 68,200 ዶላር አወጣ፤ በዚህ ውስጥ ወደ ካናዳ ሁለት የኪራይ አውሮፕላን ጉዞዎች አሉበት። ሁለት ሎቢስቶች ደግሞ 42,000 ጨመሩ። ድምሩ 110,200 ዶላር። ሰነፍ መንግሥት ይህን ጉቦ ይለዋል። እኔ ግን የሰብሳቢውን ትጋት አደንቃለሁ፤ ገበያውን በሩቁ ከማጥናት ይልቅ ውስጡ ገብቶ፣ ዋጋውን በገዛ ኪሱ መዝኖታል። እንዲህ ያለ የመስክ ጥናት ከየትኛው ሕመምተኛ ይገኝ ነበር?

የጥናቱ ውጤት በ2023 ወጣ። ጆንሰን በሚያዝያ ጥፋቱን አመነ፤ በመስከረም ዳኛዋ ጄን ቤከሪንግ 55 ወር እስራት ፈረዱበት። ነጋዴውም ሎቢስቶቹም የየድርሻቸውን አገኙ። የሾሙት አገረ ገዥ አልተከሰሱም፤ ሊከሰሱም አይገባም። መሾም ወንጀል አይደለምና። ጉዳይ ሲያስፈጽም የኖረን ሰው የጉዳዩ ዳኛ አድርጎ ማስቀመጥም ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ የሚጀምረው ሰውየው የተሾመበትን ልምድ ሥራ ላይ ሲያውል ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉም በአንድ ድምፅ «አይ! እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን ማን ያውቅ ነበር?» ይላል።

አላባማ ደግሞ ምሁር አስቀመጠች። የሕክምና ማሪዋና ሕጓን በ2021 አወጣች፤ በኮሚሽኑ ሰብሳቢነትም አንድ የካንሰር ሐኪም ተቀመጡ። ምን ዋጋ አለው? እኚህ ሐኪም የአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የቦርድ አባልም ነበሩ፤ ማመልከቻዎቹን ነጥብ በመስጠት ኮሚሽኑን የሚያግዘውም ያው ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ተገኘ። የመንግሥት ሹመት ያለው ሰው በኮሚሽኑ ሊቀመጥ አይችልም የሚል ክስ መጣ፤ እሳቸውም በነሐሴ 2023 ለቀቁ። እግረ መንገዱን ኮሚሽኑ በሰኔ የሰጠውን ፈቃድ በነጥብ ድመራ ስህተት ምክንያት በቀናት ውስጥ አገደ፤ በነሐሴ እንደገና ሰጠ፤ ያንንም ሻረ፤ በታኅሣሥ ለሦስተኛ ጊዜ ሰጠ። ፈቃድ እንዲህ በብዛት ሲታደል ተሰምቶ አይታወቅም። ሕመምተኛው እጅ የደረሰ መድኃኒት ግን በዚያ ዓመት አልነበረም።

የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርባት ሜሪላንድም ከወግ አልቀረችም። በ2016 ኮሚሽኗ 15 አብቃዮችን መረጠ፤ ከሕዝቧ ሲሶው ያህል ጥቁር በሆነባት ግዛት ከአሥራ አምስቱ አንዱም በጥቁር አሜሪካዊ የሚመራ አልነበረም። መልሱ «የአመልካቾችን ስም ሸፍነን ነው ነጥብ የሰጠነው» የሚል ነበር። ስሙ ተሸፍኗል፤ የባንክ ደብተሩ፣ አማካሪውና ጠበቃው ግን ከማመልከቻው ገጽ ሁሉ ብቅ ይላሉ። ኮሚሽኑ በስሟ የተሰየመላት ናታሊ ላፕራድ በካንሰር የሞተች፣ ሕጉን የገፋችው የሕግ አውጪዋ የሼሪል ግሌን እናት ናት። ልጅቱም በ2020 ከሕክምና ማሪዋና ፈቃድ ጋር የተያያዘን ጨምሮ 33,750 ዶላር ጉቦ መቀበሏን አምና ሁለት ዓመት ተፈርዶባታል። የእናትን ስም በኮሚሽን በር ላይ ማስጠራት ለልጅ የሚያኮራ ነው፤ ቀሪው የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

አንዳንድ ነገር የማያምርላቸው ሰዎች «ቢያንስ ከየወንበሩ አንዱ ለሕመምተኛ ይሰጥ፣ የተሿሚው ሀብትና የቀድሞ ደንበኞቹ ዝርዝር ከሹመቱ በፊት ይታተም» ይላሉ። ይታተም ማለት ይቀላል! ዝርዝሩ ከታተመ ማን ሊሾም ነው?

ደግነቱ ሚሺጋን መፍትሔውን ቀድማ አግኝታለች። ያኔ አዲስ አገረ ገዥ የነበሩት ግሬቸን ዊትመር በ2019 አምስት ሰው ያለበትን ቦርድ አፍርሰው ሥራውን በአንድ ዳይሬክተር ለሚመራ መሥሪያ ቤት ሰጡት። ዳይሬክተሩን የሚሾመው አገረ ገዥው ነው። ለላንሲንግ ጉዳይ ገዳዮችም እፎይታ ነው፤ በየመንደሩ አምስት በር ማንኳኳት ቀርቶላቸዋል።