ብርድ እንደ ጭብጥ፦ የሞላሌ ገበያ ከመዝናኛ ፓርክ አንጻር ሲፈተሽ

አንድ የመዝናኛ ፓርክ እንዲሳካለት ወጥ ጭብጥ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም የሚለው ክርክር እስካሁን እልባት ያጣው፣ ተከራካሪዎቹ ሞላሌ ወጥተው ስለማያውቁ ነው። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት ይሞክራል። የተካሄደው በመንዝ ማማ ምድር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኑና አጥኚው እጁን ከኪሱ ለማውጣት ፈቃደኛ ባለመሆኑ የመስክ ማስታወሻው አጭር ነው።

በዘርፉ ስመ ጥር የሆነው ዲዝኒላንድ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲከፈት ዙሪያው በአፈር ቁልል ታጥሮ ነበር፤ ጎብኚው የውጩን ዓለም አይቶ ጭብጡ እንዳይበላሽበት። በመክፈቻው ዕለት አስፋልቱ ገና ስላልጠነከረ የሴቶቹ ተረከዝ እየሰመጠ አስቸገረ። በዚህ ረገድ ሞላሌ በክረምት ከዲዝኒላንድ አያንስም። በአገራችን ደግሞ በ2012 ዓ.ም. መስከረም ላይ በታላቁ ቤተ መንግሥት የተከፈተው አንድነት ፓርክ ዙፋን ቤት፣ ባለ ጥቁር ጎፈር አንበሳ፣ የክልሎች እልፍኝና አገር በቀል ዕፀዋት በአንድ ግቢ ያሳያል። ከዙፋኑ ወደ ዕፀዋቱ የሚያሻግር ጭብጥ ፈልጎ ማግኘት ትጋት ይጠይቃል፤ ጎብኚው ግን ይሄዳል። ስለዚህ «ጭብጥ አያስፈልግም» ባዩ ወገን ለጊዜው አንድ ለዜሮ ይመራል።

የሞላሌ ገበያም ላይ ላዩን ሲያዩት ጭብጥ የለውም። በግ ተራ አለ፣ እህል ተራ አለ፣ ባና ተራ አለ፣ ጠላና አረቄው በየቤቱ ነው። ጠለቅ ብሎ ላየው ግን ሁሉም የአንድ ጌታ ሎሌ ነው፤ ጌታውም ብርድ ነው። ገብስ እዚህ የነገሠው ብርዱን ስለሚችል ነው። የመንዝ በግ ጠጉራም የሆነው ለውበት አይደለም። ጠጉሩ ተሸልቶ፣ ተፈትሎና ተሸምኖ ባና ይሆናል። ገዢው ባናውን ወደ ፀሐይ ዘርግቶ ያያል፤ ብርሃን ካሳለፈ ነፋስም ያሳልፋል ማለት ነው። በሁለት ጣቱ ቆንጠር ያደርገውና «ይሄ እንኳ ስስ ነው፣ አባባ» ይላል። ሽማግሌው ሻጭ አይከራከሩም። ደመና እስኪመጣ ይጠብቃሉ።

መላምቱን የሚፈታተን ነገር አልጠፋም። ከቆላ የሚወጣው በርበሬ የብርድ ወገን አይመስልም፤ ስለሚያቃጥል ግን ከማሞቂያ ዕቃዎች ተመድቧል። የከበደው ጉዳይ ነብር የታተመበት የውጭ አገር ብርድ ልብስ ነው። ነብሩ ከአካባቢው በግ ጋር ዝምድና ባይኖረውም የመጣው ለዚያው ለብርዱ ስለሆነ ጭብጡን ጥሷል ለማለት ያስቸግራል። ባና ሻጮች በዚህ ነጥብ ከአጥኚው ጋር አይስማሙም።

ለማነጻጸሪያ ከመሐል ሜዳ ወዲያ ያለው ጓሳ ታይቷል። የዚያ ጭብጥ ፍጹም ወጥ ነው፤ ሣር። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው በተጓዳኝ የሚቀርቡ ናቸው። የመንዝ አባቶች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ባቆሙት የቄሮ ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ለክዳንና ለገመድ ሲደርስ ይከፈት ነበር። ጎብኚ ባለማስገባት የተሳካለት ፓርክ ስለሆነ የዘርፉ ባለሙያዎች ስሙን ባያነሱ አይፈረድባቸውም።

በሞላሌ በኩል የታየው ጉድለት አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ቀበቶ አስሮ የሚጮህበት መጫወቻ የለም። ይህንንም ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መንገድ፣ ጣሊያን ከፈለፈለው ዋሻ ጀምሮ፣ አሟልቶ ይሰጣል። ቀበቶ የለውም። ትኬቱን የሚቆርጠው ረዳቱ ነው፤ መልሱን «ስትወርድ እሰጥሃለሁ» ይላል።