ያረጀችውን ስጡኝ

ፈረስ ሻጭ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ገዢ ብቻ ነው፤ ጀግና። ከጅማ ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር ለስምንት ዓመት ልጄ ፈረስ ፍለጋ ገበያ መምጣቴን ሦስቴ ብነግራቸውም፣ ከደዶ ደጋ የወረዱት ሽማግሌ የታያቸው የጦር አዝማች ነው።

«ይኼ ዳማ እሳት ነው፣ ልጄ! አለንጋ አይፈልግም። የራሱን ጥላ ካየ ይበራል።»

«አባቴ፣ ጥላውን አይቶ ዝም የሚል የለዎትም?»

አዘኑልኝ።

ደግሞ ጅማ ላይ ቆሞ እንዲህ ያለ ፈረስ መጠየቅ ድፍረት ይፈልጋል። የጅማን መንግሥት የመሠረቱት ሳና የታወቁት በፈረስ ስማቸው፣ አባ ጅፋር ተብለው ነው። ቴዎድሮስም አባ ታጠቅ፣ ምኒልክም አባ ዳኘው ተብለዋል። «አባ ቀስ በል» የተባለ ንጉሥ አልሰማሁም። ለነገሩማ በዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ደንብ፣ ያለ ጫማ ሲለካ ከ148 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ፈረስ «ፖኒ» ነው። የአገራችን ፈረስ አብዛኛው ከዚያ በታች ስለሆነ፣ ያ ሁሉ አርበኛ የፎከረው ፖኒ ላይ ተቀምጦ ነው ማለት ነው። (ይህን ለሽማግሌው አልነገርኳቸውም። በሰላም ቤቴ መግባት እፈልግ ነበር።)

ስለዚህ ቁመት አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ጠባይ ነው። ለልጅ የሚሆን ፈረስ ዓለምን አይቶ የሰለቸው መሆን አለበት። ሻጭ ደግሞ ይህን እንደ ነውር ይደብቃል። እሳቸውም ደብቀዋታል፤ ከሌሎቹ ጀርባ አንዲት ቦራ ባዝራ ቆማ ታንቀላፋለች።

«እሷ እንኳ አምስት ዓመቷ ነው» አሉ ሳይጠየቁ።

ፈረስ ከሁለት ዓመት ተኩል ጀምሮ የወተት ጥርሱን እየለወጠ፣ አምስት ሲሆነው የፊት ጥርሶቹን ይሞላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዕድሜ የሚናገረው የጥርሱ መበላትና ወደ ፊት ማዘንበል ነው። ከንፈሯን ገለጥ ባደርግ ጥርሷ ረዝሞ፣ ጥያቄዬን ሳልጨርስ መልሱን ሰጠኝ።

«አባቴ፣ አሥራ አምስት አይሞላትም?»

«ኧረ ስድስት!»

«እባክዎ፣ አሥራ ሁለት ይበሉኝና ዋጋ ልጨምር።»

በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ክርክር አልገጠማቸውም። ደላላው መሃል ገብቶ «በአላህ፣ ከአሥር አታንስም!» ብሎ ማለ፤ ለማን ወገን እንደማለ ግን ለራሱም አልገባውም።

ሽማግሌው ተስፋ ሲቆርጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ምሥጢሯን አወጡ። ከተማ ውስጥ ጋሪ ስትጎትት ኖራ፣ ባጃጅ ሲበዛ ሥራ ፈታች። እሳቸው ይህን የሚናገሩት እንደ ወንጀል ነው፤ ለእኔ ግን ዲግሪ ነው። የገጠር ፈረስ ባጃጅ ሲያይ ልጅ ጥሎ ይሄዳል፤ የጋሪ ፈረስ ግን ከዚህ በላይ ጉድ አይቷል።

የጋሪ ፈረስ ግን የሚፈተሽ ነገር አያጣም። ግላሷን አንስቼ ገጣባ ፈለግሁ፤ ጠባሳ እንጂ ቁስል የለም። እግርና አንገት ላይ እንደ ዶቃ ተደርድሮ የሚያብጠውን የጋሪ ፈረሶች በሽታ በእጄ ዳስሼ ፈለግሁ፤ የለባትም። አራቱንም ሰኮናዋን አነሳሁ፤ እየተነፈሰች ፈቀደችልኝ።

«ትነክሳለች?»

«በፍጹም!»

«ታነክሳለች?»

«እ... ጠዋት ጠዋት።»

አስሄድናት። ጠዋት ቢሆንም አላነከሰችም። አንዱ ባለባጃጅ ከኋላዋ መጥቶ ጡሩምባውን ሲያንባርቅ እኔ ዘለልኩ፤ እሷ አንድ ጆሮ ብቻ አዞረች። በዚያው ሰዓት ገዛኋት።

ሽማግሌው ብሩን እየቆጠሩ ደላላውን በኦሮምኛ ጠየቁት፤ ሰውዬው ጤነኛ ነው ወይ? ደላላው ትከሻውን ሰበቀ።

ይህን ጊዜ እስካሁን ዝም ያለችው ልጄ እጄን ጎተተችኝ።

«አባዬ፣ ይቺ በደንገላሳ ትጋልባለች?»

«አትጋልብም፣ የኔ ልጅ።»

ፊቷ ጠቆረ። የሽማግሌው ፊት በራ። «አልሐምዱሊላህ፣ ከቤቱ አንድ ፈረሰኛ ተገኘ!» ብለው ከወገባቸው አለንጋ መዘው ምርቃት ብለው አስጨበጧት። ተቀብዬ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት።