ሞቅ ባለ ጭብጨባ

የእጅ ፓምፑ ከተተከለ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። ውኃ ይሰጣል፤ ተሞክሯል። እጀታው ላይ ግን ሰንሰለት ተጠምጥሞ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል፤ ገና አልተመረቀማ! ከዋግ አምደወርቅ ወረድ ብሎ፣ ከደሃና ቀበሌዎች በአንዱ፣ ሠላሳ የሚሆኑ እናቶች ጎሕ ሳይቀድ መጥተው ቢጫ ጄሪካናቸውን ደርድረዋል። ተማሪዎች ተሰልፈዋል። ድንኳኑ ቆሟል፤ ጄኔሬተሩ ያጓራል። እኔ ማይክ ይዤ «ሙከራ፣ ሙከራ፣ አንድ ሁለት» እላለሁ፤ ይህን ማለት ከጀመርኩ አራት ሰዓት ሆኖኛል። ክቡር እንግዳው እየመጡ ነው።

ሙያዬ መድረክ መምራት አይደለም፣ አስተማሪ ነኝ። ድምፄ ጎላ ስለሚል ግን ምረቃ በተባለ ቁጥር እጠራለሁ። ስለዚህ በየስልኩ «ናርሲሲስት» ስለሚባለው ሰው ሲወራ እኔም አንድ ነገር ማለት ያለብኝ ይመስለኛል። ሌላው ስለ ሕመሙ አንብቦ ይሆናል። እኔ ግን መጋቢው ነኝ።

እንግዳው በስምንት ሰዓት ደረሱ። ከእርሳቸው በፊት ከመኪናው የወረደው ካሜራው ነው። የሕይወት ታሪካቸው አስቀድሞ ተልኮልኛል፤ አንድ ገጽ ተኩል፣ «እንዳለ ይነበብ» ከሚል ማስታወሻ ጋር። የጉድጓዱ ጥልቀት ስንት ሜትር እንደሆነ አንድም ቃል የለበትም። የእንግዳው ርእይ ጥልቅ መሆኑ ግን ሦስት ጊዜ ተጠቅሷል። እንዳለ አነበብኩት። ካባ አለበስናቸው። ሪባኑን ቆረጡ፣ ጓጉንቸሩ ተፈታ፣ የመጀመሪያው ብርጭቆ ተቀዳላቸው። ጠጡ። ፎቶ አንሺው ስላልተዘጋጀ ደግመው ጠጡ። ፀሐይዋ ከጀርባቸው ስለሆነች ዞረው ሦስተኛ ጠጡ።

አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ እኒህ ሰውዬ የመጡት ሊያጠጡን ነው ወይስ ሊጠጡ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ጭብጨባው ሲያልቅ ይቀዳል» አልኳቸው።

ፈረንጆች ይህን ነገር ሕመም ይሉታል፤ ምቀኝነት ሳይሆን አይቀርም። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው የምርመራ መጽሐፍ ውስጥ የናርሲሲስት የስብዕና መታወክ ብሎ በስም አስገባው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው እትም ዘጠኝ ምልክት ይዘረዝራል፤ ቢያንስ አምስቱ ካልተገኙ ምርመራው አይጸናም። እኔ ዝርዝሩን ሳነበው የሥራ ማስታወቂያ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ራሱን ከሥራው አግዝፎ ያያል (የሕይወት ታሪኩን ተመልከቱ)። ወሰን በሌለው ሥልጣንና ስኬት ሕልም ይዋጣል፤ ይህን እኛ ርእይ እንለዋለን። ልዩ ፍጡር ነኝ፣ የሚመጥነኝም የበላይ አካል ብቻ ነው ብሎ ያምናል። አድናቆት ካላገኘ አይውልም፣ አያድርም። ሁሉ ይገባኛል ይላል፤ ሠላሳ እናት ስምንት ሰዓት ድረስ ቢጠብቀው ምን ይደንቃል? ሰውን ለጥቅሙ ይገለገልበታል። የሌላው ጥም አይሰማው። ይቀናል፤ ይቀኑብኛልም ይላል። ይኮፈሳል። እነሱ አምስቱ ላይ ሲቆሙ እኛ ዘጠኙንም አሟልተን እናቀርባለን። እጥረት አለብን የሚለን ማን ነው?

አንዱን ነገር ግን ከመጽሐፉ ሳይሆን ከምሳው ላይ ተማርኩት። ሃይንዝ ኮሁት የተባለ፣ ቪየና ተወልዶ ቺካጎ የሠራ ሐኪም፣ ከዚያ ሁሉ ኩፍስታ ሥር በቋፍ ያለ፣ ሌላው እያየ ካላጸናው የሚፈርስ ማንነት አለ ይላል፤ ሲነካም ቁጣው ከነገሩ ጋር አይመጣጠንም። እኔ ንግግሬን ስዘጋ ከማዕረጋቸው አንዷን ዘለልኩ። አንዲት ቃል ናት። እንግዳው ሙክት ታርዶላቸው፣ የዋግ ነጭ ማር ቀርቦላቸው፣ ካባቸውን እንደለበሱ ፊታቸውን አጥቁረው ተቀመጡ። እጃቸው ከእንጀራው ሳይደርስ ቀረ። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘኑኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ አጨብጭቦላቸው በአንዲት ቃል ጦማቸውን አደሩ።

ታዲያ ጉረኛ ሁሉ ሕመምተኛ ነው ማለት አይደለም። ሐኪም ጠባዩን ከወጣትነት ጀምሮ፣ ቤትም መሥሪያ ቤትም ተከትሎ፣ ሰውዬውንና አብረውት የሚኖሩትን ሲጎዳ ካላየ አይፈርድም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲያውም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ባዋለው መዝገቡ ስያሜውን ትቶ ጉዳቱ ቀላል፣ መካከለኛ ወይስ ከባድ ብሎ መመደብን መርጧል። ደግሞም ሕመሙ ሁልጊዜ አይጮህም። «እኔ ምን አለኝና፣ እኔ ማን ነኝና» እያለ አንገቱን ደፍቶ፣ «ኧረ እንዴት እንዲህ ይላሉ!» እስክንለው በትዕግሥት የሚጠብቅም አለ። እንዲያ ያለው መድረክ ላይ አያስቸግርም፤ አድካሚነቱ እቤት ነው።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ታዲያ ማን ሰምቶት! አንዲት የአክስቴ ልጅ በየሳምንቱ ከባሕር ዳር እየደወለች አዲስ ምርመራ ትነግረኛለች። የቀድሞ እጮኛዋ ናርሲሲስት ነው። አከራይዋም እንደዚያው። አማቷማ የታወቀ ነው። ቡና ጠርታት ሳትመጣ የቀረች ጎረቤቷ ሳትቀር ባለፈው ሳምንት ተመረመረች። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ያሉ ሐኪሞች ቀጠሮ ሰጥተው፣ ደጋግመው አነጋግረው የሚደርሱበትን፣ እሷ ከአንድ ደቂቃ ቪዲዮ በኋላ ትጨርሰዋለች። ስለ እንግዳችን ብነግራት፣ «እሱ እንኳ ባለሥልጣን ስለሆነ ነው» አለችኝ።

ፉከራን ከዚህ ጋር የሚያመሳስሉም አሉ። ስድብ ነው! ፎካሪ የሚፎክረው አብሮት የዘመተ ሰው ፊት ነው፤ ያልዋለበትን ዋልኩ ቢል ጓደኞቹ እዚያው ያፍሩበታል። የእኛን ጉድጓድ የቆፈሩት ልጆች ግን ለምረቃው አልተጠሩም። ቢጠሩ ኖሮ ማን ቆፈረው የሚል ጥያቄ ይነሣ ነበር።

ደግሞ የዋግን ሰው ስለ ክብር ወንበር ማን ያስተምረዋል? ዛጉዌዎች ዙፋኑን ለይኩኖ አምላክ ሲለቁ የዋግ ገዥዎቹ ዋግሹሞች በንጉሥ ፊት በብር ወንበር እንዲቀመጡ ተፈቀደ ብለው አባቶች ያወራሉ። ዛሬ የብር ወንበር ከየት ይምጣ፤ ባለ ክንድ የፕላስቲክ ወንበር ላይ የአልጋ ልብስ እናነጥፋለን። ወንበሩ አልበቃ ያለው የእኛው ዋግሹም ጎበዜ ነበር፤ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠና የሚስቱን ወንድም ካሳን ሊያስገብር ትግራይ ዘመተ። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. አሳም ላይ በቁጥር እጅግ በሚያንሰው ጦር ተመትቶ ተማረከ። ሙት መመርመር ነውር ነውና ስለ ጠባዩ አልናገርም። እኔን የሚያሳስበኝ፣ «ጌታዬ፣ ማን ይችልዎታል» እያለ አጅቦ የወሰደው ሰው ነው። የሙያ አባቴ ነዋ!

የሙያ ወንድሞቼም መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ በዝቶባቸው ነበር። አብዮቱ 10 ዓመት ሞልቶታል፤ ከተማዋ በመፈክርና በሊቀ መንበሩ ምስል ተሸልማለች፤ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ የተሠራው የትግላችን ሐውልት አብረቅርቋል። በዚያው ሰሞን ረሃብ ያባረረው የዋግ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ቆረም ይጓዝ ነበር። ጥቅምት 13 ቢቢሲ ቆረምን ለዓለም አሳየ። መስከረም ላይ አንዱ ማይክ ይዞ «ሞቅ ባለ ጭብጨባ» ብሎ ይሆናል፤ ሕዝቡም አጨብጭቧል። ጭብጨባው ከልብ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ እኛ ጋ ጭብጨባ የሚለካው በድምፁ ነው።

ፓምፑ ሁለት ክረምት አገለገለ። ከዚያ ውስጡ ያለች አንዲት ጎማ አለቀችና ቆመ። የምረቃው እብነ በረድ ግን ምንም አልሆነም፤ የእንግዳው ስም ከቀበሌው ስም በእጥፍ ገዝፎ፣ በወርቅማ ቀለም፣ ዝናብም ፀሐይም ሳይነካው ቆሟል። ፍየሎች ጥላው ሥር ያርፋሉ።

ባለፈው ሰኞ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «የጥገና ሥራ ማስጀመሪያ መርሐ ግብር» ይላል። መድረኩን እንድመራ፣ ማዕረግ እንዳልዘል፣ ካባ እንዲገዛ። ካባ ልገዛ ገበያ ስወጣ እኒያን እናት አገኘኋቸው። ነገሩን ብነግራቸው ካባውን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ዋጋውን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ጎማዋስ?»

«ከጥለቱ ታንሳለች እማማ።»

«በል እንግዲያ፣ ደህና አድርገህ አጨብጭብ» ብለውኝ፣ ጄሪካናቸውን አዝለው ወደ ድሮው ምንጭ ወረዱ።