ምስክር ያልተሰማበት ካምቢዮ

በዚህ ዓለም ካሉት ግዑዛን ፍጥረታት ሁሉ፣ ምስክር ሳይቆጠርበት፣ መከላከያም ሳያቀርብ፣ በመጀመሪያው ቀጠሮ የሞት ፍርድ የሚፈረድበት ቢኖር አሮጌ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። የሰው ፍየል ነድቶ የተያዘ እንኳ ዋስ ጠርቶ፣ ጠበቃ አቁሞ፣ «አላደረግሁም» ብሎ ይከራከራል፤ አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ማርሽ ለመቀየር ጥቂት የዘገየ እንደ ሆነ፣ በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ቆም ብሎ እጁን ወደ ኋላ ያጣምርና «አልቋል፤ ይውረድ» ብሎ ይበይንበታል።

በመርካቶ ንግድ ጠጉራቸውን ያሸበቱት አጎቴ፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ንብረቱን በሐራጅ ከሚሸጥ አንድ የውጭ አገር ሰው፣ አልጋና ምድጃ፣ ቁም ሣጥንና የእጅ መታጠቢያ በሆዱ የያዘ፣ ቤትም መኪናም የሆነ አሮጌ ሼቭሮሌት በገዙ ጊዜ፣ ቤተ ዘመዱ በሁለት ተከፍሎ ከፊሉ «ቤት ከገዙ መሬቱ የታለ?» ሲል፣ ከፊሉ ደግሞ «መኪና ከገዙ ምድጃው ለምን?» ይል ነበር። እርሳቸው ግን የጉራጌ ልጅ ሁሉ መስቀልን በአገሩ ለማክበር በአውቶቡስ ተራ በሚጋፋበት ሰሞን፣ አልጋቸውን ከነትራሳቸው ይዘው ወደ ቸሃ መውረዳቸውን እንደ ታላቅ ማዕረግ ቈጠሩት። ከዚህም ሌላ፣ ካምቢዮው እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ቱርቦ ሃይድራማቲክ 400 የሚባለው መሆኑንና ያው ዓይነት ለሮልስ ሮይስ የተገባ መሆኑን ከሰሙ ወዲህ፣ መሪ የሚጨብጡት ዘውድ እንደሚጭን ሰው ተጠንቅቀው ነበር።

ዓለም ገናን፣ ተፍኪንና ቱሉ ቦሎን በሰላም አልፈን ወደ ወሊሶ ስንቃረብ ነገር ተበላሸ። ሞተሩ እየጮኸ ማርሹ በሁለተኛው ላይ ተቸንክሮ ይቀራል፤ አጎቴ እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው ላይ ለቀቅ ሲያደርጉ ብቻ፣ ከብዙ ማመንታት በኋላ በእርግጫ ወደ ሦስተኛው ይዘላል፤ በዘለለም ቍጥር የቁም ሣጥኑ በር ይበረገድና አክስቴ ለበዓሉ ያዘጋጁት ነጠላ ከኋላ አልጋው ላይ በተቀመጥሁት በእኔ ራስ ላይ ያርፋል፣ በመደርደሪያው ያሉት የቆርቆሮ ሳህኖችም ያሸበሽባሉ። አጎቴ በመስተዋቱ እያዩኝ «ምንም አይደለም፣ ሮልስ ሮይስም እንዲህ ያደርጋል» ይሉኝ ነበር።

ወልቂጤ ደርሰን ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ በቆምን ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ለምክር ተሰበሰበ። ጉራጌ በ1950ዎቹ የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁሞ፣ በአዲስ አበባ ከሚኖረው ተወላጅ ገንዘብ እያሰባሰበ ለአገሩ መንገድ ያሠራ ሕዝብ ነው፤ ገንዘብ ማዋጣት የለመደ ሕዝብ ደግሞ ሐሳብ ለማዋጣት አይሰስትምና፣ መዋጮው ወዲያው ጐረፈ። ጎሚስታው የጎማው ነፋስ መጕደሉን፣ ቤንዚን ቀጂው ቤንዚኑ ከሌላ ማደያ የተቀዳ መሆኑን፣ የሚኒባሱ ረዳት ደግሞ «ፍሪሲዮን የሌለው መኪና ድሮስ ምን ሊሆን ኖሯል!» በማለት የፍጥረቱን ጉድለት አመለከተ። እንደ መጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን «አንድም ዘይቱ ነው፤ አንድም ማጣሪያው ነው፤ አንድም የሰው ዓይን ነው» እየተባለ ሐተታው ረዘመ፤ ልዩነቱ መምህራኑ ንባቡን ካደላደሉ በኋላ ሲተረጕሙ፣ እነዚህ የሞተሩ ክዳን ሳይከፈት መተርጐማቸው ብቻ ነው። በመጨረሻ የጋራዡ መካኒክ ከወንበሩ ሳይነሣ «ጋሼ፣ ካምቢዮው ይውረድ» ሲል ፈረደ። ይህ ባዶውን 60 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረት ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ዕቃው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ድረስ መስቀል እንደማይጠብቅ የተረዱት አጎቴ፣ ይግባኛቸውን በልባቸው ይዘው፣ በጉብሬ በኩል እያዘገሙ እምድብር ገቡ።

የቸሃን ጀፎረ ያየ ሰው የማስተዋል መልክ አይቷል ማለት ይቻላል፤ ግራና ቀኝ ቤቶቹ በሥርዓት ተሰልፈው፣ በመካከላቸው ሰፊው ሣር የለበሰ ጎዳና ተዘርግቶ፣ ለልቅሶም ለሰርግም ለሽምግልናም ይበቃል። የአጎቴ ቤት ከነመንኮራኵሩ በዚያ ሣር ላይ በቆመ ጊዜ፣ በሰባት ቤት ጉራጌ ሸንጎ በየጆካ ብዙ ዘመን ተቀምጠው የፈረዱ አንድ አረጋዊ፣ ዙሪያውን በዘንጋቸው እየነካኩ ምሶሶ የሌለው መሆኑን ከታዘቡ በኋላ ስለ ሕመሙ ጠየቁ።

«ካምቢዮው አልቋል ተብሏል፣ አባቴ» አሉ አጎቴ።

«ማን መሰከረበት?»

«መካኒኩ።»

«መካኒኩ ዳኛው ነው ወይስ ምስክሩ?»

አጎቴ መልስ አጡ። በየጆካ ቅጫ፣ ማለት በሸንጎው ሕግ፣ ከሳሽም ተከሳሽም እስኪበቃው ተናግሮ፣ ሽማግሎች ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ነገሩን ካብላሉ በኋላ ነው ፍርድ የሚሰጠው፤ አንድ ወገን ብቻ ሰምቶ መነሣት በዚያ አገር ነውር ነው። ስለዚህ አረጋዊው፣ በአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት የመንገድ መኪና ሲጠግኑ ኖረው በጡረታ የተመለሱ አንድ ጎረቤት አስጠሩና ጕዳዩ እንደ ገና ከሥሩ እንዲታይ አዘዙ።

አንባቢ እንዲከተለኝ ጥቂት ልተንትን። ሄርማን ፎቲንገር የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1905፣ የሞተርን ኃይል ብረት ከብረት ሳይነካካ በሚሽከረከር ፈሳሽ የሚያሻግር መሣሪያ ለመርከብ ብሎ አስመዘገበ፤ ከዚያ የአሜሪካው ኦልድስሞቢል እ.ኤ.አ. በ1940 ሞዴሎቹ ላይ ማርሹን በራሱ የሚቀይረውን ሃይድራማቲክ አቀረበ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ታንክ ሳይቀር ተነድቶበታል። በአጎቴ መኪና ያለው የዚያ ወገን ነው። ጡረተኛው እንደ አስረዱን ከሆነ፣ ይህ ካምቢዮ ራሱ ዳኛ ነው፤ ሁለት ምስክሮችንም ይሰማል። አንደኛው ገቨርነር የሚባለው ሲሆን የመኪናውን ፍጥነት ይናገራል፤ ሁለተኛው ሞዱሌተር ሲሆን ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረውን ቫኪዩም በቀጭን ቱቦ እየተቀበለ የሞተሩን ሸክም ይናገራል። ቫኪዩሙ ሲበረታ ሸክሙ ቀላል ነው ማለት ነው፤ ዳኛውም ማርሹን ቶሎና በለሆሳስ ያሳልፋል። ቫኪዩሙ ሲደክም ግን «ዳገት ላይ ነን» ተብሎ ስለሚመሰከርለት፣ የታችኛውን ማርሽ አጥብቆ ይዞ ይቈያል፤ ሲለቅም በኃይል ይለቃል።

በመጀመሪያ የቀረበው ምስክር ዘይቱ ነበር። ጀፎረው ሜዳ ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ይመስላል፤ መኪናው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ መቆሚያው ላይ ሆኖ የዘይት መለኪያው ዘንግ ተመዘዘ። ጡረተኛው ጠብታውን በነጭ ወረቀት ላይ አድርገው ለፀሐይ አሳዩት፤ ቀይና ጥሩ ነው። አሸተቱት፤ የማረር ሽታ የለውም። «ጠቁሮ ቢያርር ውስጡ ተቃጥሏል እንል ነበር፤ ወተት ቢመስል ከራዲያተሩ ውሃ ገብቷል እንል ነበር፤ ቢጐድል ማርሽ ለመያዝ ይለግም ነበር። ይህ እውነተኛ ምስክር ነው፤ ይቀመጥ» አሉ። ቀጥሎ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ለካምቢዮው ኃይል ጨምር የሚለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ተነቀለ፤ መኪናው ወደ ጀፎረው ጫፍ ተነድቶ ቢመለስም ጠባዩ አልተለወጠም፤ እርሱም በነፃ ተሰናበተ።

በሦስተኛው ላይ ጡረተኛው የእንሰት ኮባ አስነጥፈው ከመኪናው ሥር በጀርባቸው ገቡ፤ ሞተሩ እየሠራ ጆሮአቸውን ካቀኑ በኋላ ሕፃናቱን ዝም አሰኙ። ቀጭን ፉጨት ይሰማል! የሞዱሌተሩን ቱቦ ነቅለው ውስጡን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ደረቅ ነው። ዘይት ቢገኝበት ኖሮ የሞዱሌተሩ ሽፋን ተቀዶ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየጠጣ ነው ማለት ነበር። የጎማው ጫፍ ግን በሙቀት ደርቆ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁም አየር እየገባ፣ ሜዳውን ሁሉ ዳገት፣ ቀላሉን ሁሉ ከባድ አድርጎ ሲያስመሰክር ኖሯል። ዳኛው ንጹሕ ነው፤ በሐሰተኛ ቃል ላይ ተመሥርቶ በቅን ልቡና ፈረደ። ለወልቂጤው ከሳሽ ማቅለያ የሚሆን አንድ ነገር ግን ጡረተኛው አልደበቁም፤ በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ ቫኪዩሙም ስለሚቀንስ፣ ጤናማው እንኳ ከቈላው ይልቅ እዚህ ጥቂት ይዘገያል።

ቱቦው ረዘም ያለ ስለ ነበር መድኃኒቱ ከቤት ተገኘ። በመስቀል ሰሞን የሚከበረው የደንጌሳት ምሽት ነበርና ጎመን ክትፎ እየተሰናዳ ነው፤ አክስቴ በስስት ካዋሱት የክትፎ ቢላዋ ላይ ጎመኑ ተጠርጎ፣ የተሰነጠቀው ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ተቈረጠ፣ ደኅናው በቦታው ገባ። አጎቴ መኪናውን አስነሥተው ወደ ሰፊው መንገድ ሲወጡ ማርሹ ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት አለፈ፤ የቁም ሣጥኑም በር እንደ ተዘጋ ቀረ።

ከበዓሉ በኋላ በወልቂጤ ስናልፍ መካኒኩ አይቶን መጣ። ታሪኩን ሰምቶ ጥቂት አሰበና «ለጊዜው ነው፣ ጋሼ፤ መውረዱ አይቀርም» አለ። አጎቴም «ይግባኝ ካለህ እምድብር ሂድ፤ ምስክርህን ግን ይዘህ» ብለውት ወደ ማደያው ታጠፉ። በዚያም ያ ሦስት ፈረስ የሚያህል ሞተር የጠጣው ሲለካ፣ አክስቴ ከኋላ ሆነው ሁለተኛ ክስ አቀረቡ። በዚህኛው ክስ ሽማግሌ መጥራት፣ ምስክርም መስማት አላስፈለገም፤ ተከሳሹ በየማደያው ራሱ አምኗል።