ጉግስ ለማየት መሐል ሜዳ ለሚወጣ እንግዳ

ለጥምቀት ወደ መንዟ ከተማ መሐል ሜዳ ሊወጡ ካሰቡ አስቀድመው ሰዓትዎን ቤት ጥለው ይምጡ። በአውስትራሊያው የሜልበርን ዋንጫ ፈረስ የሚለካው በሰከንድ ሽርፍራፊ ነው። ጉግስ ግን መድረሻ መስመር፣ ሰዓት ያዥና ነጥብ የሚጽፍ ዳኛ የለውም። አንዱ ሽምጥ እየጋለበ ይሸሻል፤ ሌላው ከኋላ ደርሶ ዘንግ ይወረውርበታል፤ ሸሺው ዞር ብሎ በጋሻው ይመክታል። ከዚያ ተራው ይለወጣል። ማን እንዳሸነፈ የሚታወቀው ማታ ጠላ ላይ ነው፤ እዚያም ቢሆን አይታወቅም። እንግዲህ የሚዘጋጁት ለክርክሩ ነው።

ከተማዋ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በስስ ጃኬት ጥርሱ እየተንገጫገጨ ስለ ፈረስ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ማንም አይሰማውም። በርኖስ ይዋሱ። የመንዝ በግ ጠጉር ከባድ ነው፤ የለበሰውም ሰው አብሮ ከበድ ይላል።

ጋሻ የመለሰው ዘንግ የሚያርፍበትን አያማርጥም፤ ስልክ ዘርግቶ ቪዲዮ የሚቀርጸውን ግን የሚወድ ይመስላል። ሕፃናቱ የቆሙበት ይቁሙ። እነሱ ሲሮጡ ይሩጡ፤ ምክንያቱን በኋላ ይጠይቃሉ።

ጨዋታው ሳይጀመር አንዱን ዳማ ፈረስ ጠጋ ብለው ይዩት። ልጓሙን ሲያኝክ አረፋው በደረቱ ይወርዳል፤ ባለጌጡ ግላስ ከኮርቻው ሥር በንፋስ ይርገበገባል። እግረ መንገድዎን የጋላቢውን ጫማ ይመልከቱ። የድሮው እርካብ አውራ ጣት ብቻ የምታስገባ ጠባብ ቀለበት ነበር፤ ጋላቢውም በባዶ እግሩ ቆንጥጦ ይይዛት ነበር። አጠገብዎ ያሉት አዛውንት ይህን አንሥተው «ፈረሰኛማ ድሮ ቀረ» ማለታቸው አይቀርም። «እውነት ነው አባቴ» ይበሉ። ሌላ መልስ የለም።

ለራስዎ የፈረስ ስም አያውጡ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት ጉድ የሚያሰኝ ሥራ ሠርተው ነው፤ የእርስዎ ሥራ እስካሁን ከአዲስ አበባ በጣርማ በር አድርጎ በሚኒባስ መምጣት ብቻ ነው። ምኒልክን ያነሡ እንደሆነ ደግሞ የሸዋ ነገሥታት ዘር ከመንዙ ነጋሲ እንደሚቆጠር ይነገርዎታል። የሚያውቁት ቢሆንም እንደ አዲስ ይደነቁ።

የሌላ አገር ፈረስ ማመስገን ይቻላል፣ በልኩ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራን በፈረስ ያጥለቀልቃታል። ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶች የሚዘክር በዓል ነውና ማንም አይቀየምዎትም፤ ሁለተኛ ጊዜ ካላነሡት። የጣልያኖቹን ፓሊዮ ግን ጭራሽ አያንሡ። በሲየና ከተማ ጋላቢው መንገድ ላይ ቢወድቅ እንኳ ፈረሱ ብቻውን ቀድሞ ከገባ አሸናፊ ነው። እዚህ የወደቀ ሰው፣ ሠርግ በመጣ ቁጥር ይወሳበታል፤ ፈረሱ አሸነፈ ቢሉት ለቅሶው ይብስበታል።

አዲስ አበባ ሲመለሱ «ማን በለጠ?» መባልዎ አይቀርም። ጠያቂው የመንዝ ሰው ከሆነ አይቸኩሉ። ጌራ ይሁን፣ ማማ ይሁን፣ ላሎ ይሁን፣ መጀመሪያ አገሩን አጣርተው ይመልሱ።